የቆጠበው ካልበላው

የተፈጥሮ ሀብት ተሟጦ ሲያልቅ ሁለት ተጠያቂ ይቀርባል፦ ስግብግብነትና አለማወቅ። ሁለቱም ምቹ ናቸው። ስግብግቡ ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው፤ ያላወቀውም እንደዚያው። እኔ በዚህ ማብራሪያ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ምክንያቱም ከሌላው የባሰ ስግብግብ ያልሆኑ፣ ነገሩንም በደንብ የሚያውቁ ሰዎች፣ ዓይናቸው እያየ የኖሩበትን ሀብት የጨረሱበት ቦታ አለ። በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ክፍለ ሀገር ነው።

ስለዚህ ቦታ ለዓመታት ሳነብ ኖሬአለሁ። ሌላው ሰው የሚደግፈው የእግር ኳስ ቡድን እንዳለው ሁሉ እኔ ደግሞ የምከታተለው ክፍለ ሀገር አለኝ። ሕዝቡ ከግማሽ ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም። ሲኖር የኖረው ከባሕርና ከመሬት በሚያወጣው ነገር ነው፦ ዓሣ፣ የብረት ማዕድን፣ እንጨት፣ በኋላም ነዳጅ፣ ኒኬልና የወንዝ ኃይል። የሚታደሰውም የማይታደሰውም ሀብት በአንድ ሕዝብ እጅ ተሰብስቧል። ኖርዌይን ከናይጄሪያ ስናወዳድር ሁልጊዜ አንድ ማምለጫ ይኖራል፤ «እነሱ ባህላቸው ሌላ ነው» እንላለን። እዚህ ማምለጫው የለም። ሕዝቡ አንድ ነው፤ የሚለያየው ሀብቱና ሀብቱ የተያዘበት መንገድ ነው።

ከኮድ ዓሣ ልጀምር። በ1497 (ዓመተ ምሕረቱ እዚህም ከዚህ በታችም እ.ኤ.አ. ነው) ጆን ካቦት ወደዚያ አካባቢ ተጉዞ ሲመለስ በአውሮፓ የተወራው ወሬ ዓሣው በቅርጫት እየተዛቀ ይወጣል የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ለአራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በመንጠቆ፣ በመረብና በወጥመድ ሲጠመድ ኖሮ አላለቀም። ያላለቀው ሰዎቹ ቆጣቢ ስለነበሩ አይመስለኝም። ጀልባው ትንሽ፣ በረዷማው ክረምት ረጅም፣ ባሕሩ ክፉ ስለነበረ ነው። ኮድ ክረምቱን ከዳር ርቆ በጥልቁ ውስጥ ያሳልፋል፤ ወደ ዳር የሚመጣው በበጋ፣ ካፕሊን የተባለችውን ትንሽ ዓሣ እየተከተለ ነው። የዳር አጥማጁ የሚያገኘው በእነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ጥልቁ ማንም ሳያውጀው፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ የተከለለ ቦታ ሆኖ ኖረ።

ይህን ክልል ያፈረሰው መርከብ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓሣውን እዚያው ባሕር ላይ ቆራርጠው የሚያቀዘቅዙ፣ ክረምት ከበጋ የማይሉ፣ ግዙፍ ጎታች መረብ ያላቸው ፋብሪካ መርከቦች ከአውሮፓና ከሶቪየት ኅብረት መጡ። ከዚያ በፊት የዓመቱ ምርት 300 ሺህ ቶን አይሞላም ነበር። በ1968 ከ800 ሺህ ቶን በላይ ተጫነ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ። ካናዳ በ1977 የባሕር ሥልጣኗን እስከ 200 የባሕር ማይል አስፍታ የውጭ መርከቦቹን ከአብዛኛው የዓሣ ክልል አስወጣች። ጥፋቱ የባዕዳን ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ባዕዱ ወጣ ሲባል ሁሉም «አሁን የእኛ ነው» አለ። ባንክ አበደረ፣ መንግሥት ደጎመ፣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካው በየባሕር ዳር መንደሩ ተተከለ፣ ካናዳውያን ኩባንያዎች የራሳቸውን ጎታች መርከቦች ይዘው ወጡ። የተመዘገቡት አጥማጆች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚህ ላይ የሥራ አጥነት መድን አለ። አጥማጆች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመድኑ ታቅፈዋል፤ ወቅቱን በባሕር ላይ የሠራ ክረምቱን ድጎማ እየተቀበለ ይከርማል። ለድሃ መንደር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ክፉ ሐሳብ ነበር አልልም። ግን ለአንድ ክፍለ ሀገር የዓሣ ሥራ የመጨረሻ ቀጣሪ ሲሆን ምን እንደሚከተል አስቡት። ሌላ ሥራ ያጣ ሁሉ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ፖለቲከኛውም ይህን ይወዳል፣ ለሥራ አጡ መልስ ከመስጠት ያድነዋል። ከዚያ በኋላ ኮታ የሚወሰነው ባሕሩ ውስጥ ባለው ዓሣ ልክ መሆኑ ይቀርና መሬት ላይ በተሰለፈው ሰው ልክ ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ለእኔ የጉዳዩ ከባድ ክፍል ይህ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ባለሙያዎች የዓሣውን ብዛት የሚገምቱት በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ የጥናት መርከብ በየዓመቱ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች መረብ እየጣለ የሚሰበስበው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ሌላው የንግድ መርከቦቹ በአንድ ሰዓት ጉተታ ስንት እንዳወጡ ከመዝገባቸው የሚገኘው ነው። ይህኛው የረጋና የሚያስደስት ነበር፤ ከፍ እያለም ይሄድ ነበር። ባለሙያዎቹ ለሁለተኛው ብዙ ክብደት ሰጡት።

ችግሩ ኮድ በመንጋ የሚኖር ዓሣ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ በባሕሩ ላይ እኩል አይሳሳም፤ የቀረው ተሰብስቦ በጥቂት ቦታ ይታጎራል። መርከቡ ደግሞ በድምፅ ሞገድ መፈለጊያ መሣሪያው መንጋውን ያገኘዋል፤ ካፒቴኑም የሚሄደው ዓሣ ወዳለበት እንጂ ወደሌለበት አይደለም። ስለዚህ ከአሥር መንጋ ዘጠኙ ቢጠፋ እንኳ በቀረው አንዱ ላይ የሚጣለው መረብ ሞልቶ ይወጣል። መዝገቡ «ሞልቷል» ይላል። ባሕሩ ግን ባዶ እየሆነ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ወጥመዱን በአንድ ቦታ ተክሎ ዓሣው ወደ እሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ የዳር አጥማጅ አለ። እሱ ዓሣውን አያሳድድም፤ ዓሣው ካልመጣ አልመጣም። ይህ ሰው ሳያስበው የተሻለ መለኪያ ይዟል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዳር አጥማጆች ዓሣው እየቀረ፣ የመጣውም እያነሰ ነው ብለው ጮኹ። ማኅበራቸው በ1986 የዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስቶች የመንግሥቱን ስሌት እንዲመረምሩለት አደረገ፤ እነሱም ግምቱ ተጋንኗል አሉ። ሰሚ ግን አልተገኘም። የአጥማጁ ቃል «ወሬ» ነው፣ የመርከቡ መዝገብ «መረጃ» ነው። ልዩነቱ አንዱ በሠንጠረዥ ተጽፎ መምጣቱ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ክፋት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ባለሙያዎቹም ደረሱበት። ለ1989 ኮታው ወደ 125 ሺህ ቶን እንዲወርድ ምክር ቀረበ። የጸደቀው 235 ሺህ ቶን ነው። እዚህ ላይ አለማወቅ አበቃ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተደረገው እየታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ኮታውን በግማሽ መቁረጥ ማለት በዚያው ዓመት ፋብሪካ መዝጋት ማለት ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን 1992 የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር ጆን ክሮስቢ በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በሴንት ጆንስ አንድ ሆቴል ውስጥ ማጥመዱ መታገዱን አወጀ። ቁጣቸው የገነፈለ አጥማጆች የአዳራሹን በር ሊሰብሩ ታገሉ። ወደ 30 ሺህ ሰው በአንድ ቀን ሥራውን አጣ። መጀመሪያ የቀረበው ካሳ በሳምንት 225 የካናዳ ዶላር ነበር። ክሮስቢ የዚያው ክፍለ ሀገር ልጅ ነው። ከአዋጁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ዓሣውን ከባሕር ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብሎ በአጥማጆቹ ላይ ጮኾ ነበር። እውነቱን ነው። ግን ሁሉም ይህን ማለት ይችል ነበር፤ ካፒቴኑም፣ ባለሙያውም፣ የዳር አጥማጁም። እያንዳንዱ የወሰደው ትንሽ ነው። እገዳው ሁለት ዓመት ይቆያል ተባለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከክፍለ ሀገሩ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህሉ ተቀነሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባሕሩ ውሃ ከወትሮው መቀዝቀዙም ዓሣውን ጎድቶታል፤ ምን ያህል እንደጎዳው ዛሬም ያከራክራል። ግን ቀዝቃዛ ዓመት ከዚያ በፊትም መጥቶ ሄዷል፤ ያኔ ዓሣው የሚያገግምበት ብዛት ነበረው።

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ በ1985 አንድ ጨዋ፣ ልጆቹን የሚወድ፣ ዓሣው እያለቀ መሆኑን በዓይኑ ያየ አጥማጅ ማጥመዱን ቢቀንስ ምን ያገኛል? ምንም። እሱ የተወውን ዓሣ ክረምት ላይ መርከቡ ይወስደዋል። መርከቡ ቢተወው ሌላ መርከብ ይወስደዋል። ሁሉም የካናዳ መርከቦች ቢተዉት ደግሞ ከ200 ማይሉ መስመር ውጭ የቀረ የዓሣ ሜዳ አለ፤ እዚያ የሚጠብቁ አሉ። ካናዳዊው ኢኮኖሚስት ስኮት ጎርደን በ1954፣ ከመዘጋቱ አርባ ዓመት ገደማ በፊት፣ ይህንኑ ስለ ዓሣ ሀብት ጽፎታል፦ ባለቤት የሌለው ሀብት ውስጥ ለነገ የሚተወው ነገር ለተወው ሰው ዋጋ የለውም፣ ነገ ሲመጣ እንደሚያገኘው ማረጋገጫ የለውምና። የሰው ጠባይ ላይ ያረፈ ክስ አይደለም። የቆጠበው ካልበላው ማንም አይቆጥብም፤ የሚቆጥብ ሞኝ ካለም ለጎረቤቱ ነው የቆጠበው።

ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው የሚሰጠው መልስ አለ፦ «ታዲያ ለአካባቢው ሕዝብ ይሰጣ!» ኒውፋውንድላንድ ካናዳን የተቀላቀለችው በ1949 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የባሕር ዓሣ ሥልጣን የፌዴራሉ ነው። 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የአገሪቱ ዋና ከተማ በኦታዋ የተቀመጠ ሰው ባሕሩን እንዴት ያውቃል? እውነት አለው። ግን ይህ ክፍለ ሀገር ሐሳቡን የሚፈትን ሌላ ምዕራፍ ስላለው ነው የምወደው።

ነዳጅ መጣ። ማን ይዘዝበት የሚለው ክርክር ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1985 የአትላንቲክ ስምምነት ተፈረመ። ከባሕር የሚወጣውን ነዳጅ ኦታዋና ክፍለ ሀገሩ በጋራ ሊያስተዳድሩት፣ ግብሩንና ሮያሊቲውን (አውጪው ኩባንያ ለሀብቱ ባለቤት የሚከፍለውን ድርሻ) ግን ክፍለ ሀገሩ በራሱ መሬት እንደተገኘ አድርጎ ሊሰበስበው ተወሰነ። ዓሣው ላይ ያልነበረው ሥልጣን ይኸውና ተገኘ። ሂበርኒያ የተባለው በባሕር ላይ የቆመ የነዳጅ ማውጫ በ1997 መጨረሻ ነዳጅ ማውጣት ጀመረ፤ ኮድ ከተዘጋ አምስት ዓመቱ ነው። ቴራ ኖቫና ዋይት ሮዝ ተከተሉ። ዘመናቸውን በሙሉ የፌዴራል መንግሥቱ ለደሃ ክፍለ ሀገሮች የሚሰጠውን የማካካሻ ድጎማ ሲቀበሉ የኖሩ ሰዎች በ2008 ከተቀባዮቹ ዝርዝር ወጡ ተባለ። በዚያ ዓመት የነበረውን ኩራት አቃልዬ ማየት አልፈልግም። ለትውልድ የቀልድ መነሻ ሆኖ የኖረ ሕዝብ ቀና ያለበት ቀን ነው።

በጥሩዎቹ ዓመታት ከክፍለ ሀገሩ ገቢ ሲሶው ያህል ከነዳጅ ይመጣ ነበር። ገንዘቡ የት ሄደ? ከፊሉ ዕዳ ቀነሰ፤ ይህ መነገር አለበት። የቀረው ደመወዝ ሆነ፣ መንገድ ሆነ፣ የግብር ቅናሽ ሆነ። የቁጠባ ፈንድ አልሆነም። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በጥር 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የዚያ ዓመት በጀት ግብርን ከላይ እስከ ታች ጨመረ፤ ከክፍለ ሀገሩ 95 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 54ቱ ይዘጉ የሚል ዕቅድም ይዞ መጣ። ሕዝቡ ጮኸና ዕቅዱ ቆመ። ቢሆንም እስቲ አስቡት፤ ለሃያ ዓመት ያህል ነዳጅ የሸጠ ክፍለ ሀገር የመንደር ቤተ መጻሕፍት መክፈቻ ገንዘብ አጣ። በመጋቢት 2020 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መሪ ለአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጽፎ ከገበያው መበደር እንዳቃታቸው አሳወቀ።

ውሳኔው በአካባቢው እጅ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ያው የአጥማጁ ሒሳብ ነው። በ2010 ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ከነዳጁ ገቢ ግማሹን ቢያስቀምጥ ማን ይበላዋል? በሚቀጥለው ምርጫ የሚያሸንፈው ተቀናቃኝ። እሱ በተቀመጠው ገንዘብ ሆስፒታል ይሠራል፣ ሪባን ይቆርጣል፣ ቆጣቢው ደግሞ «ሕዝቡ እየተቸገረ ገንዘብ ያከማቸ» ተብሎ ይሸነፋል። ባሕሩ ላይ መርከብ ከመርከብ ይሻማ ነበር፤ እዚህ የሚሻሙት መንግሥትና ተከታዩ መንግሥት ናቸው። ሀብቱ ባለቤት አለው፣ ጊዜው ግን ባለቤት የለውም።

ኖርዌይ የምትጠቀሰው ሁልጊዜ እንደ ቅዱስ ነው፤ ይህ ትንሽ ይሰለቸኛል። ኖርዌጃውያን በተፈጥሯቸው ቆጣቢ ስለሆኑ ሳይሆን ዘዴ ስላበጁ ነው። የነዳጅ ፈንዱን በ1990 በሕግ አቋቋሙ። በ2001 ደግሞ መንግሥት ከፈንዱ በዓመት በአማካይ ከአራት በመቶ በላይ እንዳይወስድ መመሪያ አወጡ፤ በ2017 ወደ ሦስት አወረዱት። ዋናው ነገር ትልልቆቹ ፓርቲዎች በሁለቱም ወገን መስማማታቸው ነው። ዛሬ የምተውልህን ነገ አንተም ትተውልኛለህ ማለት ነው። የአላስካው መንገድ ሌላ ነው፤ ለእኔ ይበልጥ ይገርመኛል። በ1976 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ከነዳጅ ሮያሊቲው ቢያንስ ሩቡ ለቋሚ ፈንድ እንዲገባ ወሰኑ፤ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በየዓመቱ ከትርፉ ድርሻውን በእጁ ሰጡት። በዚህ ምክንያት ፈንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘበኛ አገኘ። በ1999 መንግሥት ከፈንዱ ገቢ ለበጀት ልጠቀም ወይ ብሎ ሕዝቡን ሲጠይቅ 83 በመቶው እምቢ አለ። ዘበኛው ሲበዛ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፦ ለትምህርት ቤት ገንዘብ በጠፋ ቁጥር ፖለቲከኛው ያንን ድርሻ ለመንካት ይፈራል። ዘዴው እንከን የለውም አላልኩም። ቆጣቢው ግን እየበላ ነው።

ስለ ወንዙ ብዙ አልናገርም፤ ስለሱ ማውራት የኒውፋውንድላንድ ሰዎችን ዛሬም ያናድዳል። ላብራዶር ውስጥ ያለው የቸርችል ፏፏቴ ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ ያመነጫል። በ1969 በተፈረመው ውል ኃይሉ ከሞላ ጎደል ሁሉ ለጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ለኬቤክ እስከ 2041 ይሸጣል፤ ዋጋው እየጨመረ ሳይሆን እየቀነሰ የሚሄድ ነው። ከ2016 ጀምሮ በኪሎዋት ሰዓት 0.2 የካናዳ ሳንቲም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ውሉን አልነካም አለ። ይህ ውሃ አያልቅም፤ ዝናቡ እስከዘነበ ድረስ የሚፈስ፣ «ዘላቂ» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ የሚያሟላ ሀብት ነው። ለባለአገሩ ግን ለሃምሳ ዓመት የቀረለት ፍርፋሪ ነው። ወንዙ በሚፈስበት አገር የኖሩት ነባሮቹ ሕዝቦች፣ ኢኑዎች፣ ደግሞ የአደን መሬታቸው በግድቡ ሐይቅ ሥር ሲሰጥም የጠየቃቸው አልነበረም፤ ካሳ የሚያስገኝ ስምምነት የፈረሙት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሰዎች ሀብት እንዳያልቅ መጠበቅን ብቻ ሲያወሩ ይህ ወንዝ ትዝ ይለኛል። ሀብቱ ተጠብቆ ሕዝቡ ሊደኸይ ይችላል። የዚያ ውል ቁስል ነው በ2012 በዚያው ወንዝ ታችኛው ክፍል የመስክራት ፏፏቴን ግድብ «ያለ ኬቤክ» ለመሥራት ያስወሰነው ብዬ አምናለሁ፤ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው ከ13 ቢሊዮን በላይ ፈጀ። የነዳጁ ዘመን ትልቁ ውርስ ይኸው ዕዳ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኢስትፖርት ልሂድ። ኢስትፖርት በክፍለ ሀገሩ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያለች ትንሽ ልሳነ ምድር ናት። ኮድ ሲዘጋ አጥማጁ ሁሉ ወደ ሎብስተር (ቅርፊትና መቆንጠጫ ያለው የባሕር እንስሳ) ዞረ፤ የሎብስተሩ ምርትም ማሽቆልቆል ጀመረ። በ1995 የአካባቢው አጥማጆች ኮሚቴ አቋቋሙ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። እንቁላል የተሸከመች ሴት ሎብስተር ወጥመድ ውስጥ ሲያገኙ ጅራቷ ላይ ትንሽ ምልክት ቆርጠው ወደ ባሕር ይመልሷታል፤ ምልክቱ ያላትን ሎብስተር ማንም፣ እንቁላል ባይኖራት እንኳ፣ አይሸጣትም። ሁለት ቦታዎችን ደግሞ ጨርሰው ከለሉ፤ ሁለቱ ተደምረው ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ከዩኒቨርሲቲና ከጎረቤት ብሔራዊ ፓርክ የመጡ ባለሙያዎች ከአጥማጆቹ ጋር ጀልባ ላይ ሆነው ለኩ። መንግሥት በ1997 ክልሉን የሚያጸድቅ ደንብ አወጣ፤ በ2005 ሕጋዊ የባሕር ጥብቅ ቦታ አደረገው። የከለሉት ማን ናቸው? ኮዱን ሲያጠምዱ የነበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ጠባያቸው አልተለወጠም።

የተለወጠው ሎብስተር መሆኑ ነው። ሎብስተር እንደ ኮድ አይሰደድም፤ ዛሬ የመለስካት ነገም እዚያው ድንጋይ ሥር ነች። ፈቃዱ የተገደበ ነው፤ በአካባቢው የሚያጠምዱት የልሳነ ምድሩ ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ተስማምተዋል። ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ ምልክት ያላትን የሸጠ ሰው ማታውን ይታወቃል። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ሥራ በአብዛኛው ይህን የሚመለከት ነው፦ የጋራ ሀብት የሚጠፋው የጋራ ስለሆነ አይደለም፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ካልታወቀና ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሌሎች ከሆኑ ነው። ጥንትም በኒውፋውንድላንድ መንደሮች የኮድ ወጥመድ መትከያ ቦታዎች በየዓመቱ በዕጣ ይከፋፈሉ ነበር። ጠብን የሚያስቀር ጥሩ ደንብ ነው። ግን የሚያከፋፍለው ቦታን እንጂ ዓሣን አይደለም፤ ከጥልቁ ለሚመጣው መርከብ መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ «ሕዝቡ ያስተዳድረው» ሲባል ስሰማ ኢስትፖርት ስላለ ብዬ ራሴን በእሺታ አልነቀንቅም። ሎብስተር ላይ የሠራው ኮድ ላይ አይሠራም፤ ነዳጅ ላይም አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሀብት ዛሬ የሚተወው ሰው ነገ የሚያገኝበትን መንገድ ለብቻው መፈለግ ያስፈልጋል። አንዳንዴ መንገዱ አጥር ነው፣ አንዳንዴ የፓርቲዎች ውል፣ አንዳንዴ በየዓመቱ እጅ ላይ የሚደርስ ድርሻ። አንዳንዴም አይገኝም፤ ያኔ ይህን ደፍሮ ማመን ሌላ ዕቅድ ከማውጣት ይሻላል።

በሰኔ 2024 የካናዳ መንግሥት ኮድ የንግድ ማጥመድ ተከፈተ አለ፤ ኮታው 18 ሺህ ቶን። ከውጭ ሲታይ የምሥራች ነው። ዝርዝሩን ሳነብ ግን ሁለት ነገር አቆመኝ። አንደኛ፣ የዓሣው ሁኔታ «አሳሳቢ» ከሚባለው ደረጃ ወደ «ጥንቃቄ» ደረጃ የወጣው ዓሣው በድንገት በዝቶ አይደለም። በ2023 ባለሙያዎች ስሌቱን አሻሽለው ሁለቱን ደረጃዎች የሚለየው መስመር ስለወረደ ነው። አዲሱ ስሌት ከበፊቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የቆየ መረጃ ተጨምሮበታል። ሁለተኛ፣ የንግድ ማጥመድ ተከፈተ ሲባል ትልልቆቹ ጎታች መርከቦችም ይመለሳሉ፤ ከኮታው አምስት በመቶ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ የዓሣ ሀብት ድርጅት በኩል ለሌሎች አገሮች ይሄዳል። በእነዚያ ረጅም የእገዳ ዓመታት በተፈቀደለት ትንሽ ኮታ እየተገደበ የጠበቀው የዳር አጥማጅ ነበር።

ውሳኔውን አጥብቆ የተቃወመው የአጥማጆቹ ማኅበር ነው። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር «አትክፈቱ» ሲል መስማት ግራ ያጋባል፤ ጋዜጦችም ግራ ገብቷቸው ነበር። እኔ ግን አልገረመኝም። በ1985 የነበረው አጥማጅ የተወው ዓሣ ለማን እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ የ2024ቱም ያውቃል። ከዓሣው ብዛት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የ2024ቱ 18 ሺህ ቶን ትንሽ ነበር፣ ባሕሩ ሊችለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ድርሻው ለመርከብ ሲከፈል ካየ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጠብቅ ሲሉት ለምን ይሰማቸዋል?